በበልግ መግቢያ ስለሚያሠጋው ብርድ፥ ውርጭና የበረዶ ዝናም

የደጋ ገበሬ የበልግን ዝናም በሚጠባበቅበት ወራት ሁለት ፍርሃት በአንድነት ያድርበታል። አንደኛው ዝናሙ ይቀር ይሆን የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዝናሙ ይዞት የሚመጣው በረዶና ዝናሙ ባረፈበት ሌሊት የሚደርሰው ውርጭ ነው። ስለ መጀመሪያው ፍርሃት በየዓመቱ ትንበያ ይወጣል፥ ስብሰባ ይደረጋል፥ ደብዳቤም ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። ስለ ሁለተኛው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ የተነገረውም ቢሆን ቡቃያው ከጠቆረ በኋላ የሚደርስበት ጊዜ አይታጣም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የወቅት ትንበያ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን፥ የቀረውንም ገበሬው ራሱ በማሳው ላይ ቆሞ በምን ምልክት ሊያውቀው እንደሚችል እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል፤ ከነጎድጓድ ደመና እንደ ጠጠር እየተወረወረ የሚወርደውንም፥ በብርድ አገሮች እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም፥ ውኃ ረግቶ ሲጠነክር የሚሆነውንም ሁሉ በአንድ ስም እንጠራዋለን። ግዕዝ ግን በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ እያለ ይለያል። ውርጭ ከእነዚህ የተለየ ነው። በንግግር «ውርጭ ወረደ» እንላለን እንጂ ውርጭ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት እጅግ በቀዘቀዘ ሣርና ቅጠል ላይ ሲያርፍ እዚያው በቦታው እየረጋ የሚፈጠር ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በረዶ ከደመና ጋር ይመጣል፤ ውርጭ ደመና በሌለበት ሌሊት ይመጣል፤ ስለዚህ ወደ ደመናው ብቻ የሚመለከት ሰው ከሁለቱ ጠላቶች አንዱን ሳያየው ይቀራል።

አባቶቻችን አገሩን በከፍታው ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ ከ3200 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን «ውርጭ» ብለው ሰይመውታል። የሚያርሱትን አገር በሚያጠፋቸው ነገር ስም መጥራታቸው ምን ያህል እንደሚያውቁት ያስረዳል። የከፍታው ብርድም የትናንት ነገር አይደለም። በአዱሊስ ወደብ በቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ በግሪክ ቋንቋ ተቀርጾ የነበረውና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ ያቆየልን ጽሑፍ፥ ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በስሜን ተራሮች ስላደረገው ዘመቻ ሲተርክ፥ አገሩ ብርድና በረዶ የማይለየው፥ የሰውም እግር እስከ ጉልበቱ በአመዳይ የሚሰጥምበት መሆኑን ያወሳል። ዛሬ በራስ ደጀን አናት ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው አመዳይ ፀሐይ ሲያገኘው ብዙ ሳይቆይ የሚቀልጥ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ገብስ በሚዘራበት አገር የሚደርሰው የሌሊት ብርድ ዛሬም የቤተ ሰብን የዓመት ቀለብ በአንድ ማለዳ ለመውሰድ ይበቃል።

ወደ ትንበያው እንመለስ። ከ1990 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1998) ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የአየር ጠባይ ባለሞያዎች በየወቅቱ ዋዜማ እየተሰበሰቡ የመጪዎቹን ወራት ዝናምና ሙቀት በጋራ ይተነብያሉ። ጉባኤውን የሚያዘጋጀው በኢጋድ ሥር ሆኖ በናይሮቢ አጠገብ የሚገኘው የአየር ጠባይ ማዕከል ሲሆን 11 አገሮችን ያገለግላል። በኢትዮጵያም በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የበልግን፥ የክረምትንና የበጋን ትንበያ ለየብቻ ያወጣል፤ ከዚህም ሌላ በየአሥር ቀኑ ስለ እርሻና ስለ አየር ጠባይ መግለጫ ያዘጋጃል።

ይህ ትንበያ የሚነገረው በቁርጥ ሳይሆን በዕድል ነው። ያለፉት 30 ዓመታት የዝናም መጠን ከጥቂቱ እስከ ብዙው በተራ ቢደረደር፥ 10ሩ ዝናም ያነሰባቸው፥ 10ሩ መካከለኛ፥ 10ሩ የበዛባቸው ዓመታት ይሆናሉ። ምንም የሚያመለክተው ነገር የሌለው ሰው ለሦስቱም እኩል ከመቶ 33 ያህል ዕድል ይሰጣል። የባለሞያዎቹ ሥራ የውቅያኖሱን ሙቀትና የነፋሱን አካሄድ መርምረው ይህን ሚዛን ወደ አንዱ ወገን ማዘንበል ነው። እንበልና ለአንድ አውራጃ «ከመደበኛ በላይ 45፥ መደበኛ 35፥ ከመደበኛ በታች 20» የሚል ትንበያ ወጣ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዘንድሮ ዝናም አለ» ብሎ ይሄዳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትንበያ በተነገረባቸው አምስት ዓመታት አንዱ ዝናም ያነሰበት ቢሆን ትንበያው ተሳስቷል አያሰኝም። ያን አንዱን ዓመት የሚከፍለው ደግሞ ዘሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ የበተነው ሰው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ጉድለት አለበት። የወቅቱ ትንበያ የሦስትና የአራት ወር ድምር ነው፤ ስለ አንድ ሌሊት አይናገርም። መጋቢት በጠቅላላው ሞቃት ሊሆን ይችላል፥ በመካከሉ ግን ሁለት የውርጭ ሌሊቶች ቢኖሩ ገበሬውን የሚጎዱት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። እንዲያውም የሚያሳስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዝናም የጎደለበት በልግ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሚሆን ቀኑ ይግላል፥ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል፤ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ተደምሮ ለሁለት ሲከፈል መካከለኛው ከመደበኛው በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች ዝናም፥ ከመደበኛ በላይ ሙቀት» የሚል ትንበያ የደረሰው የደጋ ሰው፥ ሙቀት የሚለውን ቃል ሰምቶ ስለ ውርጭ ማሰቡን መተው የለበትም። ለእርሱ እንዲህ ያለው ትንበያ ራሱ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በግልጥ ቃል ተጽፎ አለመምጣቱ ብቻ ነው ችግሩ።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ለከተማ አንባቢ መግለጽ ያስፈልጋል። ከአገሪቱ ጠቅላላ እህል የበልግ ድርሻ ከአሥር አንዱን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፥ በዋና ከተማ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው የበልግ መጥፋት ቀላል ይመስላል። በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍታዎች፥ በመንዝና በሌሎችም የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ግን ነገሩ የተለየ ነው። በክረምት የተዘራው እህል በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ስለሚያዝበት፥ በክረምቱም ውኃ ስለሚተኛበት፥ ብዙው ሰው ተስፋውን በበልግ ገብስ ላይ ጥሏል። በ1991 ዓ.ም. በልግ በቀረ ጊዜ በወሎ ደጋ የደረሰው ችግር የሚረሳ አይደለም። በጥርና በየካቲት የሚዘራው ይህ ገብስ ገና ቡቃያ ሳለ የበጋው መጨረሻ ብርድ ያገኘዋል፤ ዝናሙ ሲቋረጥም በመጋቢት ጥርት ያለው ሌሊት ይመለስበታል፤ ሲያፈራ ደግሞ የሚያዝያና የግንቦት በረዶ ይጠብቀዋል።

ውርጭ እንዴት እንደሚፈጠር ያወቀ ሰው ግማሹን መከላከያ አግኝቷል። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ያስቀርላታል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ከላይ ያለውን ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ያዋህዳል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ጸጥ ካለ ግን መሬት ያለ ከልካይ ትቀዘቅዛለች፥ የነካት አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳልና እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በረባዳውና በሸለቆው ወለል ይተኛል። በማለዳ ወደ ደጋ ማሳዎች የወጣ ሰው ከጉብታው ጎን ያለው ገብስ አረንጓዴ ሆኖ፥ ከእግሩ በታች በሜዳው ያለው ነጭ ለብሶ የሚያየው ስለዚህ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ይበርዳል የሚለው ሕግ (በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል) በጠቅላላው እውነት ሆኖ ሳለ፥ በአንዲት ጥርት ባለች ሌሊትና በአንድ ሸለቆ ውስጥ ግን ይገለበጣል።

የምሽቱ ምልክትም ከዚሁ ይገኛል። ቀኑ ደረቅ ሆኖ ከዋለ፥ ሲመሽ ደመናው ከተገፈፈ፥ ነፋሱ ከቆመ፥ ከጎጆዎቹ የሚወጣው ጢስም ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በሸለቆው ላይ እንደ ጣራ ከተዘረጋ፥ ያ ሌሊት የሚያሠጋ ነው። ጢሱ የተዘረጋበት ቦታ የቀዝቃዛው አየር ክዳን ነው። ብርዱ የሚበረታው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ ወጥቶ «ደኅና ነው» ብሎ የተኛ ሰው ገና አልዳነም። አየሩ እጅግ ደረቅ ሲሆን ነጩ ነገር ሳይታይ ቅጠሉ ጠቁሮ ሊያድር ይችላል፤ ይህ ከነጩ ውርጭ የከፋ ነው፥ ምክንያቱም እንፋሎት ሲረጋ የሚለቀው ጥቂት ሙቀት እንኳ ለተክሉ አልደረሰውም።

በዚህ ላይ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ያለው ሙቀት መለኪያ የሚቀመጠው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፥ ነጭ በተቀባ ሳጥን ውስጥ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት የሣሩ ወለል ከዚያ በ2፥ በ3፥ አንዳንድ ጊዜም በ5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ስለ ደብረ ብርሃን፥ ስለ መሐል ሜዳ፥ ስለ ወገል ጤና ወይም ስለ ባሌ ሮቤ «ዝቅተኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ተብሎ ሲነገር በማሳው ውስጥ ውኃ ረግቶ ሊሆን ይችላል። መግለጫው ከ5 ዲግሪ በታች የሆኑትን ጣቢያዎች ለይቶ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ወረዳ የሚያስተላልፍ ሰው ይህን ሳያስረዳ ቢልከው፥ ገበሬው ከዜሮ በላይ የሚል ሰምቶ በሰላም ይተኛል። መልእክቱ ሦስት ቀን በጠረጴዛ ላይ ካደረ ደግሞ ባይላክ ይሻላል፤ ምነው ቢሉ፥ ያለፈ ውርጭን ማስጠንቀቅ መሳለቅ ይመስላልና።

ተክል ሁሉ ብርድን በእኩል አይታገሥም፤ አንዱ ተክልም በዕድሜው ሁሉ እኩል አይደለም። ገብስና ስንዴ በቡቃያነታቸው ጠንካሮች ናቸው፤ የሚያድጉበት እምብርት ገና ከመሬት በታች ስለሆነ ቅጠሉ ቢቃጠል እንኳ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ማዘርዘር ሲጀምሩና ሲያብቡ ግን ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት ቢቆይባቸው አበባው ይመክናል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ አገዳውም ቅጠሉም አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ከቀናት በኋላ ዘለላው ነጭቶ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ድንች በቅጠሉ እጅግ ስስ ነው፤ ጤፍም ብርድን የሚችል አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጥ ነው፤ ረባዳው መሬት ለገብስ ይሁን፥ ድንቹና ሌላው ስስ ተክል ወደ ተዳፋቱ ይውጣ። ገበሬው አንድ ማሳ ብቻ ቢኖረውና እርሱም ረባዳ ቢሆን፥ ዘሩን በሁለት ጊዜ በ15 ቀን ልዩነት ቢዘራ፥ የአንዲት ሌሊት ውርጭ ሁሉንም በማበቢያው ጊዜ አያገኘውም።

የሚያሠጋ ሌሊት ሲመጣ ምን ይደረግ? ውኃ የሚገኝ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ ማሳውን ማጠጣት ከሁሉ ይበልጣል። እርጥብ መሬት ቀን ብዙ ሙቀት ይይዛል፥ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ አንድ ኪሎ ውኃ ሲረጋ ብቻ 80 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይሰጣል። አዲስ የታረሰና የደረቀ ልል አፈር ግን በጉድጓዶቹ ውስጥ አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያሳልፍም፤ ስለዚህ በውርጭ ሳምንት በቡቃያ መካከል አፈር መኮትኮት ጉዳት ነው። በጓሮ ያለውን የአትክልት ችግኝ በሣር፥ በቅርጫት ወይም በጆንያ መሸፈን ይገባል፤ ሲነጋ ግን ይገለጥ። በአፈሩ ላይ ብቻ ተነጥፎ ተክሉን የማይሸፍን ገለባ ግን የመሬቱን ሙቀት ከተክሉ ይከለክላልና ክፉ ያደርጋል እንጂ አይጠቅምም። በተዳፋት እርሻ በታችኛው ድንበር ላይ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ያለ እንደ ሆነ ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ያቆመዋል፤ በአጥሩ ውስጥ መውጫ መክፈት ያስፈልጋል። እርጥብ ቅጠል እያነደዱ ማሳን በጢስ ማልበስ በብዙ አገር የታመነበት ልማድ ነው፤ የሚጠቅመው ግን የእሳቱ ሙቀትና የሚያነሣው የአየር እንቅስቃሴ እንጂ ጢሱ ራሱ አይደለም። የጢስ ቅንጣት የመሬትን ሙቀት ወደ ሰማይ ከመሄድ አያግድም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጢስ ከማጤስ ብዙ ትንንሽ የደረቀ እንጨት እሳቶችን በየቦታው ማንደድ ይሻላል፤ እንጨቱ ካለ ማለት ነው፥ በደጋ ደግሞ እርሱ ራሱ ውድ ነው።

ስለ በረዶ ዝናም መከላከያው እጅግ ያነሰ ነው። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ እየነፈሰ የውኃ ጠብታዎችን ከመርጊያው ከፍታ በላይ ያወጣቸዋል፤ ጠጠሩ እዚያ ያድጋል፥ ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተውም ይወድቃል። በእኛ ሰማይ የመርጊያው ከፍታ 5000 ሜትር ገደማ ነው። ጥራጥሬ የሚያህል በረዶ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል እንደሚወርድ ብንቈጥር፥ ወደ ምጽዋ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ 8 ደቂቃ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ብዙውን ጊዜ ዝናም ሆኖ ይደርሳል። በ3000 ሜትር ላይ ላለው የገብስ ማሳ ግን የሚያልፈው 2000 ሜትር ብቻ፥ ጊዜውም ከሦስት ደቂቃ ብዙ የማይበልጥ ነው፤ ሳይቀልጥ ይመታዋል። በኬንያ የሻይ ተክል አገር በኬሪቾ በረዶው እጅግ ስለሚበዛ፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ደመናው ቅመም በመርጨት ለማስቀረት ተሞክሮ ነበር፤ ውጤቱ ግን ባለሞያዎችን በአንድ ቃል ያስማማ አልሆነም። ገበሬው የሚችለው ማሳውን በተለያየ ስፍራ መያዝ ነው፤ የበረዶ መንገድ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ስለሆነ ከአንዱ ወንዝ ወዲህ ያለውን አጥፍቶ ወዲያ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። ርስት በየቦታው መበታተኑ ለእርሻ አድካሚ ነው እየተባለ ይነቀፋል፤ በዚህ በኩል ግን ጥቅም አለው።

ነጎድጓዱ ሲቀርብ ስለ ሰውና ስለ ከብት ማሰብ ይቀድማል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ የሚቈጠረው ሴኮንድ ለሦስት ሲካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ 10 ሴኮንድ ከሆነ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፥ መሸሻው ጊዜም አልፏል ማለት ይቻላል። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ፥ ከብትም እዚያ አይሰብሰብ።

ከበረዶው የሚብሰው ግን ተከታዩ ቀዝቃዛ ዝናምና ነፋስ ነው፤ በተለይ አዲስ ለተወለደ ግልገል። የመንዝ በግ ጸጉረ ብዙ ናት፥ ከርሷም ባና ይሠራል፤ ግልገሏ ግን እርጥብ ሆኖ ይወለዳል፥ ያ እርጥበት በነፋስ ሲደርቅ የሰውነቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የሚወልዱት በጎች ዝናም ባንዣበበበት ቀን ከጉሮኖ አይራቁ፤ የተወለደውም ወዲያው በደረቅ ገለባ ይታሽ፥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችም እንገር ይጥባ። እንገር ምግብም ማገዶም ነው፤ ሳይጠባ ያደረ ግልገል በማለዳ ቀዝቅዞ ይገኛል። አፉ በጣት ሲነካ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ በቤት ውስጥ ከእሳት አጠገብ ቀስ በቀስ ይሙቅ። ጸጉር መሸለትም ብርዱ ፈጽሞ እስኪያልፍ ይቆይ።

በመጨረሻ በረዶ ቡቃያውን ስለ ደበደበው ማሳ እንናገር። በማግሥቱ ማሳውን ያየ ሰው ቅጠሉ ተበጣጥሶ፥ ከጭቃው ጋር ተለጥፎ ሲያገኘው ወዲያው በሬ አቅርቦ ሊገለብጠው ይፈልጋል። ይህን ማድረግ የለበትም። ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠብቅ፤ ከዚያም በማሳው አራት ወይም አምስት ቦታ ጥቂት ቡቃያ ከነሥሩ ነቅሎ ከታች ያለውን እምብርት በጥፍሩ ሰንጥቆ ይመልከት። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ገብሱ በሕይወት አለ፥ አዲስ ቅጠልም ያወጣል፤ ቡናማና የላመ ከሆነ ሞቷል። ከሦስቱ ሁለቱ በሕይወት ካሉ ማሳውን መተው ይሻላል። ከዚያ ካነሰ፥ የበልጉ ጊዜ ገና ካላለፈ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዝራበት፤ ካለፈም ማሳውን አለስልሶ ለክረምቱ ያዘጋጀው፥ የተረፈውንም ቡቃያ ለከብቶቹ ያጭደው።